አሥራ አንድ ነጥብ አንድ

«አሥራ አንድ ነጥብ አራት ገባ» አለችው ተቆጣጣሪዋ ቴክኒሻኑን ከመቆጣጠሪያ ክፍሏ፣ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ይዛ። የኮረብታው የመገናኛ ጣቢያ የቮልቴጅ ሴንሰር ከረፋዱ ጀምሮ ሲጮህባት ነበር። አሥራ ሁለት መሆን ያለበት ቁጥር ይወርዳል፤ አሥራ አንድ ሲደርስ የጣቢያው ማስተላለፊያ መሣሪያ ራሱን ያጠፋል። ያኔ ከኮረብታው ማዶ ያሉት መንደሮች አምቡላንስ የሚጠሩበት መስመር ጸጥ ይላል።

መሣሪያው ኃይል የሚያገኘው ፓወር ሰፕላይ ከሚባሉ ሁለት ሳጥኖች ነው። አንዱ ባለፈው ሳምንት ሞቷል፤ የቀረው ደግሞ እየደከመ ነው። አዲሱ ትናንት እዚያው ደርሶ ከነካርቶኑ ተቀምጧል። ቴክኒሻኑ ግን የሁለት ሰዓት መንገድ ይቀረዋል፤ በስልክ «መጣሁ፣ መጣሁ» ከማለት በቀር የፈየደላት ነገር የለም። ስለዚህ ግቢው ውስጥ ወደሚኖሩት ዘበኛ ደወለች። የዕረፍት ቀናቸው ነበርና ስልካቸውን ረስተው ገበያ ወጥተዋል፤ ያነሱት ባለቤታቸው ናቸው። ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ ያውቃሉ።

ወዲያው ስልኩን እንደያዙ የመሣሪያውን ክፍል ከፍተው ገቡ።

«እትዬ፣ ሁለቱ ሳጥኖች ይታዩዎታል?»

«አንዱ አረንጓዴ መብራት አለው። አንዱ ጨለማ ነው።»

«አረንጓዴውን እንዳይነኩብኝ። የጨለማውን ሶኬት ይንቀሉልኝ።»

«ቆይ ልጄ፣ የደወልሽው ልብስ ሳጥብ ነው። እስከ ክርኔ እርጥብ ነኝ፤ መጀመሪያ እጄን ላድርቅ።»

ተቆጣጣሪዋ ክው አለች። ስለ እጃቸው አልጠየቀችም። ስምንት ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ ስትናገር የኖረችውን ነገር፣ ቁጥሩ ላይ አፍጥጣ ጭራሽ ረስታዋለች። አመሰገነቻቸው፤ ለምን እንደተመሰገኑ እንኳ አልገባቸውም።

ሴትዮዋ ሥራቸውን ያውቁበታል። ካርቶኑን በዚያ ሁሉ ፕላስተር የጠቀለለውን ሰው ግን ሳይራገሙ አላለፉም። የሞተውን በእጀታው ስበው አወጡ፣ አዲሱን ቀጭ እስኪል ገፉት፣ ሶኬቱን ሰኩ። በተቆጣጣሪዋ ስክሪን ላይ አሥራ አንድ ነጥብ አንድ ይላል። ከዚያ ቁጥሩ አሥራ ሁለት ላይ ተመልሶ ቆመ።

«ይኸኛውም አረንጓዴ ሆነ» አሉ።

ተቆጣጣሪዋ እንባዋ መጣ። «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። ውለታዎን አልረሳውም።»

«ኧረ ምን አደረግሁ! በይ ልብሴን ላስጣ፣ ፀሐዩ ሳይሄድብኝ።»

የቀረው ሪፖርቱ ነበር። ቅጹ ላይ «ሥራውን ያከናወነው» የሚል ቦታ አለ፤ እንዲህ ሲያጋጥም ያልደረሰውን ቴክኒሻን ስም መሙላት የቢሮው ልማድ ነው። አለቃዋም በቅንነት መከራት። የውጭ ሰው መሣሪያ እንደነካ ከተጻፈ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው የሚወጣው በእሷ ስም ነው፤ ደብዳቤ ያለበት ሰው ደግሞ የፈረቃ ኃላፊ አይሆንም። ለዚያ ቦታ የምትወዳደረው ለሦስተኛ ጊዜ ነው።

«ሴትዮዋ እንደሆኑ ስሜ የት አለ ብለው አይጠይቁሽም» አላት። «ልብስ እያሰጡ ነው።»

እውነቱን ነው፤ አይጠይቋትም። እሷ ግን እሳቸው እጃቸውን ሳያደርቁ ሶኬቱን ቢይዙ ኖሮ የሚሆነውን እያሰበች ቅጹን ወደ ራሷ ሳበች። «ስሕተት» በሚለው ቦታ ላይ ስለ እርጥብ እጅ ሳትጠይቅ ትእዛዝ መስጠቷን ጻፈች። ከዚያ መልሳ ደወለች።

«እትዬ፣ ሪፖርቱ ላይ ላስገባዎት ነው። ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ፤ እስከ አያት።»