እንግዳ ሲመጣ የሚሞተው ኮምፒውተር

ወይዘሮ ኢኒድ ሄይግ በስተርጅና ውሸታም ተባሉ። ማንም ደፍሮ በአፉ አላላቸውም፤ ግን ዓይን አያወራም ያለው ማን ነው? ልጃቸው ሮይስተን አንገቱን ዘንበል፣ ከንፈሩን መጠጥ ያደርግና "እሺ እማ፣ እሺ" ይላቸዋል። ለሕፃን የሚባለውን እሺ። ቢሰድባቸው ይሻላቸው ነበር፤ ለስድብማ መልስ አላቸው።

የነገሩ ሁሉ መነሻ ማእድ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ከትንሽ ቴሌቪዥን ጋር የሚያያዝ፣ የላስቲክ ቁልፎች ያሉት፣ ዛሬ ሙዚየም ካልተሄደ የማይገኝ ዓይነት። ሮይስተን ልጅ ሳለ አባቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለገና ገዙለት። እሱ አንድ ሳምንት ተጫወተበትና አልጋ ሥር ወረወረው። ከዚያ ጎትተው አውጥተው አቧራውን የጠረጉት፣ መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር ያነበቡት እናቱ ናቸው። የሹራብ ጥለት የሚያወጣ ፕሮግራም በገዛ እጃቸው ጻፉ። በዚያ ዘመን ሃሊፋክስ ውስጥ የእሳቸውን ወፍ ወይም የእሳቸውን አጋዘን ደረቱ ላይ አድርጎ ያልዞረ ልጅ ቢገኝ፣ ከሌላ ከተማ የመጣ ነው።

ይህን ሁሉ ዘመን ሳያንገራግር የሠራ ዕቃ ዘንድሮ ዐመል አወጣ። ዐመሉም የሚያሳፍር ነው። ወይዘሮ ኢኒድ ብቻቸውን ሲሆኑ አንዴ ሲነኩት ይነሳል። ሰው ፊት ግን አሻፈረኝ ይላል፤ ስክሪኑ ወይ ድርግም ይላል፣ ወይ በማይረባ ነጠብጣብ ይሞላል። እንግዳው ከሄደ በኋላ ቢሞክሩት ምንም እንዳልተፈጠረ ብድግ!

አሮጌ ኮምፒውተር የሚጠግኑ ሰዎች ማኅበር አለ ሲባል ሰምተው ኔቪል የሚባለውን አባል ጠሩት። ወስዶ ፈትሾ መለሰው።

"ወይዘሮ ኢኒድ፣ ይሄ ማሽን እኔንም እርስዎንም ይቀብራል" አለ እየሳቀ። "ከሰዓቱን ሙሉ ስናጠፋው ስናስነሳው ነበር፤ አንዴም አላስቸገረን።"

"እዚህም አስነስተህ ታሳየኛለህ። ቁጭ በል፣ መጀመሪያ ውሃ ልጣድ።"

እንግዳ ገብቶ ውሃ ሳይጣድ? ይህማ በወይዘሮ ኢኒድ ቤት አይታሰብም። ለራሳቸው ጠዋት አንዴ አፍልተው ፔርሙዝ ይሞሉና ቀኑን ሙሉ እሱን ይጠጣሉ። ለእንግዳ ግን ያኔውኑ የፈላ ነው። ለእንግዳ የፔርሙዝ ሻይ መቅዳት ማለት ውጣልኝ ማለት ነው።

የኤሌክትሪክ ማፍያው እየተንሿሿ ሳለ ኔቪል ኮምፒውተሩን አበራ። ጨለማ። ደግሞ አበራ። ነጠብጣብ። ክዳኑን ከፈተ፣ በጣቱ ውስጡን ጫን ጫን አደረገ፣ ይዞት የመጣውን ሌላ ትራንስፎርመር ቀየረለት፤ ወይ ፍንክች። ሻዩ ሲቀርብ ነገሩን ተወት አድርጎ ጠጣ። አንድ ኩባያ ሲጨርስ ወይዘሮ ኢኒድ ለሁለተኛው ውሃ ጣዱለት፤ እሱም እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ጨለማ። ሲወጣ በራፍ ላይ፣ እናቱን ሊጠይቅ ለመጣው ለሮይስተን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ማሽኑ ጤነኛ ነው። እናትህ ይሠራል የሚሉት ግን... እንግዲህ ዕድሜም አለ" አለው።

ዕድሜም አለ! የእሳቸውን ብስኩት ከነፍርፋሪው ጠርጎ የበላ ሰው! ወይዘሮ ኢኒድ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው እያንዳንዷን ቃል ሰሙ። ጆሯቸው እንደሆነ ገና አልደከመም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሮይስተን ሥራ አገኘ። ለእህቱም ለጎረቤቱም "እማ የሌለ ነገር ይታያት ጀመር" ይላል። ባለፈው መኸር ማእድ ቤቱን በገዛ እጁ ያደሰላቸው እሱ ነውና ውለታውን እየቆጠረ ያወራል፤ ለቁም ሳጥኑ የለፋሁት፣ ለኤሌክትሪኩ የተንበረከክሁት እያለ። ይሄ ሁሉ ልፋት እናትን ከቤቷ ለማስወጣት መብት የሚሰጥ ይመስል!

አንድ ጨፍጋጋ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ባለ ቀለም ወረቀት ይዞ መጣ። ወረቀቱ ላይ አበባ፣ አበባው መሀል በግድ የሚስቁ ሽማግሌዎች አሉ።

"አረጋውያን መጦሪያ ቤት አልጋ አገኘሁልሽ፣ እማ። እስከ ሰኞ መፈረም አለብሽ።"

"ምን ሆኜ?"

"የሞተ ዕቃ ይሠራል ትያለሽ። ነገ ደግሞ ያልጠፋውን ምድጃ ጠፍቷል ብለሽ ትተኛለሽ። ደህንነትሽ ያሳስበኛል፣ በቃ።"

የወይዘሮ ኢኒድ ደም ፈላ። "ዛሬ አሁን ዓይንህ እያየ ቢነሳስ?"

"ከተነሳ ወረቀቱን እዚሁ እቀደዋለሁ። ካልተነሳ ግን ትፈርሚያለሽ።"

"እፈርማለሁ። ተቀመጥ።"

ሮይስተን ኮቱን አውልቆ ተቀመጠና ጠበቀ። ትንሽ ቆይቶ ወደ ማፍያው ገልመጥ አለ። "ሻይስ?"

"ሻይ የለም።"

"ምን ማለት ነው የለም?"

"የለም ማለት የለም ነው። እናቱን ሊያስወጣ ለመጣ ሰው ሻይ አላፈላም።"

በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ቃል ተነግሮ አያውቅም። ሮይስተን በጥፊ የተመታ ያህል ደነገጠ። ወይዘሮ ኢኒድ ኮምፒውተሩን አበሩት። ተነሳ። ያለ ምንም ማቅማማት ነጭ ስክሪን ወጣ፣ ጥጉ ላይ ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች።

"በል ቅደድ።"

"ድንገት ነው" አለ ሮይስተን ብድግ ብሎ። ጭራሽ ቃሉን አጠፈ! "አንዴማ ማንኛውም ዕቃ ይነሳል። እስቲ አጥፊና ድገሚው። ሻይ ከከለከልሽኝም እኔው አፈላለሁ።" ማፍያውን ሞልቶ ሰካው። ወይዘሮ ኢኒድ አጥፍተው አበሩ። ነጠብጣብ።

"አየሽ! ምን አልኩሽ?"

እሳቸው ግን ስክሪኑን እያዩ አልነበረም። እስከዛሬ የመጣ ሁሉ፣ እሳቸውም ጭምር፣ ዓይኑን የሚተክለው ስክሪኑ ላይ ነበር። አሁን ከጨለማው ቀን የተነሳ የጠረጴዛው አምፖል በርቷል፤ አምፖሉም ደብዝዞ ቀልቷል። ተነሱና ማፍያውን አጠፉት። አምፖሉ ቦግ አለ። ኮምፒውተሩን አበሩት፤ ተነሳ። ማፍያውን አበሩ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍተው አበሩ፤ ጨለማ። ደገሙት። ሮይስተን ፈገግታው ቀስ በቀስ ከፊቱ ላይ ተነነ።

"ለእንግዳ ውሃ ስጥድ ነው የሚሞተው" አሉ። "ማፍያው መብራቱን ሁሉ ይስብበታል። ድሮ እንዲህ አያደርግም ነበር። ሁሉም የተሰካበትን ይሄን ሶኬት ማነው የገጠመው?"

ሮይስተን ጉሮሮውን ጠራረገ። "እኔ ነኝ። ግን እማ፣ እኔ እኮ..."

"ቆጣሪውን አጥፋና ክፈተው።"

አጥፍቶ ፈታው። ሶኬቱ ከግድግዳው ሲላቀቅ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። ከኋላው ሽቦዎቹ በጣት ተጠማዝዘው በናስትሮ ተጠቅልለዋል። ናስትሮው ቀልጦ ተንጠባጥቧል፣ የአዲሱ ቁም ሳጥን እንጨት በመዳፍ ስፋት ከስሏል። ሮይስተን በጣቱ ሲነካው እንጨቱ ፍርክስ አለ። ሁለቱም ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። የወይዘሮ ኢኒድ መኝታ ቤት ከዚያች ሶኬት በላይ ነው።

"ከእሳት አናት ላይ አስተኝተኸኝ ነው" አሉ፣ "ደህንነትሽ ያሳስበኛል የምትለኝ? እኔን ነው ጃጀች ብለህ ያስወራኸው? ያ አሮጌ ዕቃ ሰው በመጣ ቁጥር ቤቱ ሊነድ ነው ሲላችሁ፣ በእኔ ሳቃችሁ!"

ሮይስተን ወረቀቱን አንስቶ ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት ቀደደው። እጁ ጥላሸት ስለነበረ የሚስቁት ሽማግሌዎች ፊት ጠቆረ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠራ፤ ሰውየው እመጣለሁ አለ። በጨለማው ማእድ ቤት ሁለቱ ሠራተኛውን ሊጠብቁ ተቀመጡ።

"ይቅርታ፣ እማ" አለ በመጨረሻ፣ አቀርቅሮ።

ወይዘሮ ኢኒድ ተነሱ። ከመደርደሪያው አንድ ኩባያ አወረዱ፣ የጠዋቱን ፔርሙዝ ከፈቱና ከውስጡ ለብ ያለውን ሻይ ቀዱለት። ሮይስተን ኩባያውን አየ፣ ፔርሙዙን አየ፤ ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ቤት ያደገ ልጅ አይጠፋውም። ጆሮው ድረስ ቀላ። ከዚያ ኩባያውን በሁለት እጁ ተቀበለና እስከ መጨረሻው ጠጣው።