በሙሉ እግሬ

ሬናታ ወደ ዶክተር ፕሩዊት የእግር ክሊኒክ የገባችው እግር ጥሏት ነው። የልብ ሐኪም ለመሆን ነበር ምኞቷ። ሁለት ጊዜ ለሕክምና ትምህርት ቤቶች አመለከተች፤ ሁለቱንም ጊዜ ያው የትሕትና እምቢታ ደብዳቤ መጣላት። እስከዚያው እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብላ፣ እዚሁ ቶሊዶ ከተማ ውስጥ የሽማግሌዎች ጥፍር የሚቆረጥበትና ቁስል የሚታጠብበት ክሊኒክ ረዳት ሆነች። ያ «እስከዚያው» ሁለት ዓመት ሞላው።

ዛሬ አርብ ነው፤ የጁን የመጨረሻ ቀን። የእግር ሐኪሞች ትምህርት ቤት ለመጪው መንፈቅ ጥቂት ወንበር ተርፎት ማመልከቻ የሚቀበለው እስከ ዛሬ እኩለ ቀን ብቻ ነው። ከገባች ልብን እርግፍ አድርጋ መተው ነው። ካልገባች ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ልብን መለመን።

ጠዋት እናቷ ዳኑታ ደውላ ነበር።

«የልብ ሐኪም ትሆናለች ብዬ ለደብሩ ሰው ሁሉ አውርቼ! አሁን ጥፍር ቆራጭ ልበላቸው? አንድ ዓመት ብትታገሺ ምን አለበት? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

ዶክተር ፕሩዊት በበኩላቸው ዛሬውኑ አመልክቺ ለማለት «ከመቅረት መዘግየት» ይላሉ። ተረት መቼም ለሁሉም ወገን ጠበቃ ሆኖ ይቆማል፤ ሬናታን ግን አንዱም አላገዛት።

በዚህ ላይ የማመልከቻውን ጽሑፍ አበላሽታዋለች። እንደ አዲስ መጻፍ ቢታክታት ማለዳ የድሮውን አወጣችና «ልብ» የሚለውን ቃል ሁሉ «እግር» እንዲያደርገው ኮምፒውተሩን አዘዘችው። ኮምፒውተር የታዘዘውን ነው የሚያደርገው። እሷም ሳታነብ አትማ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፉላት ቃል ለገቡት ዶክተር ጠረጴዛቸው ላይ አኖረችው።

«ነይ እስቲ» አሏት ዶክተሩ፣ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን እየጠረጉ። «‹አያቴ እግሯ ቀጥ ብሎ ስትሞት የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ።› ቆማ ነው እንዴ የሞተችው?»

ሬናታ መሬት ተሰንጥቆ ቢውጣት በወደደች።

«ቆይ፣ ገና ነው። ‹ሐኪም መሆን የምፈልገው በሙሉ እግሬ ነው።› ምነው ልጄ፣ ግማሹን እንኳ ለመቆሚያ ብታስቀሪው?»

«ልቡን በእግር ተክቼው እኮ ነው፣ ዶክተር።»

«እሱንማ አየሁ። አንቺስ ተክተሽዋል ወይ? ጥያቄው እሱ ነው።»

«እኔ እንጃ» አለች። እውነቷን ነበር። «እርስዎ ሲጀምሩ እግር ነበር የሚፈልጉት?»

«እኔ ጥርስ ነበር የምፈልገው።»

«ታዲያስ?»

«ጥርስ አልፈለገኝማ! በይ ሂጂ፣ ሚስተር ግሪግስ እየጠበቁሽ ነው።»

ኦዴል ግሪግስ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ስኳር በሽታ የእግራቸውን ስሜት በልቶታል። ሬናታ የቀኝ እግራቸውን ጫማና ካልሲ አስወልቃ የስሜት መሞከሪያውን ቀጭን ክር አነሳች።

«ዓይንዎን ይጨፍኑ። ክሩ ሲነካዎት ‹አዎ› ይበሉኝ።»

«አዎ!»

«ኧረ ገና አልነካሁዎትም!»

«ጊዜ ልቆጥብልሽ ብዬ ነዋ፣ ዶክተርዬ።»

ሳቀች። እሷም እኮ «የልብ ሕክምናን ትፈልጊዋለሽ?» ሲሏት ስንት ዘመን እንዲሁ ዓይኗን ጨፍና «አዎ» ስትል ኖራለች። ወዲያው የግራውን ጫማና ካልሲ ስታወልቅ ግን ሳቋ ቀረ። ተረከዙ ላይ ደም ደርቋል። በዚህ ክሊኒክ የማንም ሰው እግር ጫማው ውስጥ ከመግባቱ በፊት የረዳት እጅ ይገባበታል፤ እግሩ የማይነግረውን እጅ ይንገረው ተብሎ ነው። እጇን ወደ ግራው ጫማ ሰደደች። አንድ ብሎን ከሶሉ ዘልቆ ጫፉን አውጥቷል።

«ሚስተር ግሪግስ፣ ይሄ መቼ ገባ?»

«ማክሰኞ በረንዳዬን ስጠግን ነበር መሰለኝ…»

«ማክሰኞ! ሦስት ቀን ሙሉ ብሎን ረግጠው ሲሄዱ አልቆረቆረዎትም?»

«ምንም።»

«ማታ ማታ እግርዎን ይዩ አላልኩም? መስታወት አልሰጠሁዎትም?» ጮኸችባቸው። በሽተኛ ላይ ጮኻ አታውቅም። በጣም ተናደደች፣ ፈራችም፤ እንባዋ መጣ።

«ኧረ አይዞሽ የኔ ልጅ» አሏት ሽማግሌው ደንግጠው። «እግሩ እኮ የኔ ነው።»

ዶክተሩ ጩኸቷን ሰምተው ደረሱ፤ ቁስሉን ከፍተው አጠቡት፣ አጥንት አለመንካቱንም አዩ። «ትንሽ ብንቆይ እግሩን እናጣው ነበር» አሉ ቀስ ብለው፣ ለእሷ ብቻ።

ሬናታ እጇን ታጥባ ጓዳ ካለው ኮምፒውተር ፊት ስትቀመጥ ለእኩለ ቀን ሃያ ደቂቃ ቀርቶ ነበር። የአያቷን ልብ ለአያቷ መለሰች። ሌሎቹንም አንድ በአንድ አቀናች። «በሙሉ እግሬ» ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። «በሙሉ ልቤ» ብትለው ያው ለሁለት ዓመት ለሁሉም የላከችው ቃል ነው፤ ሳይነኳት ያለችው «አዎ»። ዓረፍተ ነገሩን ሰረዘችው።

ስልኳ ላይ የእናቷ ስም በራ። አላነሳችውም።

በተሰረዘው ቦታ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ዛሬ ጠዋት ከአንድ ሰው ጫማ ውስጥ ብሎን አወጣሁ። ሦስት ቀን ረግጦት ሲሄድ እሱን አልቆረቆረውም። እኔን ግን ቆረቆረኝ።»

ትክክል ይሁን አይሁን አላወቀችም። ደግማ ሳታነብ ላከችው።