ሳትከካ ያመለጠች ፍሬ

ዳኘው ከክኩ ጆንያ አንድ እፍኝ ዘግኖ ሰፌድ ላይ በተነና በጣቱ እየገፋ ይለቅም ጀመር። አስካለ ማርያም ከጎኑ ቆማ መቀነቷን ታጠብቃለች። ሰውዬው ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የተላከ ተቆጣጣሪ ነው፤ የውሃ በርሜሉን ከፍቶ፣ መጸዳጃውን ሳይቀር አይቶ እንከን አላገኘባትም። ቡሬ ውስጥ እንደ እሷ የጸዳ ሽሮ ቤት የለም ብትል ማጋነን አልነበረም፤ ብላም ነበር፣ ሁለት ጊዜ።

የሰፌዱ ነገር ግን ቆየ። በመጨረሻ ሳትከካ ያመለጠች አንዲት ፍሬ አንሥቶ መዳፏ ላይ አኖረላት። እንደ አተር ክብ አይደለችም፤ ጠርዝ አላት።

«ይህን ያውቁታል?»

ገበሬ ያሳደጋት ሴት እንዴት አታውቅ! «ጓያ» አለች። «እግር የሚያሽመደምደው!»

«ተከክቶ ከአተር ጋር ሲደባለቅ ማንም አይለየውም። ነጋዴው አታሎዎታል። መቼ ገዙት?»

«ጾሙ ሊገባ ሲል።»

«ደንበኛስ አንዳንድ ቀን በልቶ ይሄዳል። ከዚህ በየቀኑ የሚበላ ማን ነው?»

አስካለ ማርያም ፊቷን ወደ በረንዳው መለሰች። በረንዳው ላይ ባሏ ተስፋው ልብስ ይሰፋል። ሦስት ሳምንት ሆነው፤ እግሩ ፔዳሉ ላይ እየከበደው የስፌት መኪናው ሁለት ዙር ዞሮ ይቆማል። ብርድ መስሏት ሁለት እሑድ ጠበል ወስዳዋለች። እሷ እሳት ላይ ስትውል የመብላት ፍላጎቷ ይዘጋል፤ ለእሱ ግን ሽሮውን ሞልታ ታቀርባለች፣ ይበርታልኝ ብላ።

«እኔ ነኝ የጨመርኩለት» አለች፣ መሬት ላይ ቁጭ ብላ። «በገዛ እጄ!»

ዳኘው ወጥቶ ተስፋውን ጠየቀው፤ ጉልበቱንና ቁርጭምጭሚቱን ዳሰሰ። ሲመለስ አልሸነገላትም።

«የደረሰው ጉዳት ላይድን ይችላል። ከዛሬ ጀምሮ ካልቀመሱት ግን ከዚህ አይብስባቸውም። ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው፣ ወረቀት እጽፍልዎታለሁ። ፋሲካ እስኪያልፍ ቢቆይ ኖሮ በምርኩዝ ነበር የሚሄዱት።»

አስካለ ማርያም የወደቀች ፍሬ ለቅማ የምትስም ሴት ናት። ጆንያውን ብቻዋን ጎትታ ጓሮ ወሰደችና ጉድጓድ ውስጥ ገለበጠችው። አልሳመችውም።

ዳኘው አዲስ እህል ገብቶ እስኪታይ ድረስ ሽሮ ቤቱ እንደሚዘጋ ጽፎ እንድትፈርም ሰጣት። ለልመናና ለእንባ ተዘጋጅቶ ነበር። እሷ ግን ፈረመችና እጁን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሳይነጥቃት ሳመችው።

«ቤቴን ለዘጋ ሰው እመርቃለሁ ብዬ አላስብም ነበር። እግዜር እግርዎን ይባርከው! እንኳን መጡልኝ!» እንባዋ መጣ፤ ደስታዋም ከእንባዋ ጋር።

ዳኘው ቦርሳውን ሲያነሣ ተስፋው መኪናውን ተደግፎ ተነሣ።

«እስከ አስፋልቱ ልሸኝዎ።»

ዳኘው ግድ የለም፣ ይቀመጡ ሊል ነበር፤ የተስፋውን ፊት አየና ተወው። አብረው ወረዱ። የተስፋው የቀኝ ጫማ አፍንጫ አቧራውን እየጫረ ይሄዳል። ዳኘው እርምጃውን አዘገየለት።

አስካለ ማርያም ልትደግፈው አልተከተለችም። አስፋልቱ ዳር ሲጨባበጡ በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው። ተቆጣጣሪው ሄደ። ተስፋው ጥቂት አረፈና ፊቱን ወደ ቤቱ አዞረ።