ዐሥራ ሁለተኛው ግልገል

አሳማ አርቢ ናት ብላችሁ አትሽሹኝ፤ እጄን ሦስቴ በሳሙና ታጥቤ ነው የመጣሁ። ስጦታው የሚባል የእንስሳት ባለሙያ ከሩቅ አገር መጥቶ ቢቸና ዳር አሳማ ማርባት ሲጀምር፣ እሺ ብላ የተቀጠረች እኔ ብቻ ነኝ። ሰዉ ብሩክታይት የሚለውን ስሜን ትቶ “የእሪያዋ” ይለኛል። ይበለኝ።

ጡት የጣሉ ዐሥራ ሁለት ግልገሎች ነበሩ። የሚበሉት ክዳን ካለው የብረት ገንዳ ነው፤ ክዳኑን በአፍንጫቸው ገፍተው እንዲከፍቱ ማስተማር የኔ ሥራ ነው። ፍሩሽካ በውኃ አርሼ ክዳኑ ላይ እቀባለሁ፤ በዱላ ሦስቴ እመታለሁ፤ ሲመጡ ክዳኑን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ዝቅ አደርጋለሁ። በአራተኛው ቀን ዐሥራ አንዱ ለመዱ። ዐሥራ ሁለተኛው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆመ።

ባሌ ፋንታም ያን ሰሞን እንዲሁ ነበር። እህል እምቢ፣ ቃል እምቢ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ። በደህናው ጊዜ ረቡዕና ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውኃ እንኳ የማይቀምስ ጿሚ ነው። እህቱ የሺእመቤት ሞጣ ጠበል ወሰደችው። እኔን “አሳማ በነካ እጅሽ ጠበል አትቀርቢም” ብላ አስቀረችኝ። አንጀቴ አረረ።

በዚያ ንዴት ነው ግልገሉን “ና ብላ፣ ገብረ ሚካኤል” ያልሁት። የባሌ የክርስትና ስም ነው። የክርስትና ስም የነፍስ መጠሪያ እንጂ የቀልድ አይደለም፤ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ግልገሉ ግን ዞረ፤ መጥቶም በላ። ስለዚህ ሦስት ቀን ሙሉ በዚያው ስም ጠራሁት።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ እየጠራሁት ሳለ ጮኸና ወደቀ። ሲነሣ ዐይን ዐይኔን አየኝ። ገንዳውን አልነካም። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቀስ ብሎ መጥቶ በላ።

ማታ የሺእመቤት ደወለች። “እሰይ፣ ወጣለት። ረፋዱ ላይ አጥማቂው በክርስትና ስሙ እየጠራ ቢያጠምቀው ጮኸና ወደቀ። ‘ወጥተህ ወዴት ትሄዳለህ?’ ቢለው ምን ቢል ጥሩ ነው? ‘ቢቸና፤ ምሽቴ እየጠራችኝ ነው።’ ለካ ሰይጣንም ምሽት አለው” ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

በሳምንቱ ሐሙስ ፋንታን ይዛው መጣች፤ ጎረቤቱ እልል አለ። ይሄዳል፣ ይተኛል፣ አይናገርም። በማግሥቱ ዓርብ ጧት የወጥ ድስቱ ፊት ቆሞ አገኘሁት። ምን እንዳሰብሁ እንጃ፣ በማማሰያ ክዳኑን ሦስቴ መታሁት። ጎንበስ አለና ክዳኑን በአፍንጫው ገፋው። ያን ጊዜ ገባኝ። ከሞጣ የተመለሰው ባሌ አይደለም፤ ባሌ በረት ውስጥ ይጾማል።

አራት ወር ሙሉ ረቡዕና ዓርብ አንድ ቀን አልሳተም። ሞጣ ወስጄ መልሼ ላስጠምቀው አሰብሁ፤ አሳማ ይዛ ጠበል የምትገባ ሴት ግን በድንጋይ ነው የምትመለስ። እንዲህ ስፈራ ስቸር አሳማዎቹን ለእርድ የሚወስደው የጭነት መኪና መጣ። ዓርብ ጧት ነበር።

“አንዱን ለኛ ተወው” አልሁት ስጦታውን።

ደግ ሰው ነው። “ውሰጂው፣ ለድካምሽ ይሁን” ብሎ ገመዱን አስያዘኝ። ገብረ ሚካኤል መጥቶ እግሬ ሥር ቆመ።

መንገዱ ዳር የዕድራችን ሴቶች ቆመው ያያሉ። አሳማ ጎትታ ቤቷ ያስገባች ሴት ነገ ማን ይቀብራታል? አፈርሁ። ባሌን በሰው ፊት አፈርሁበት። “ምን ላደርገው” ብዬ ገመዱን መለስሁለት። ዐሥራ አንዱ ሲጫኑ ሲጮኹ፣ እሱ እያየኝ ዝም ብሎ ወጣ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደጀንን አልፈው ዓባይ ድልድይ ደርሰዋል ብዬ አሰብሁ። ድስቱን አቀረብሁ።

“ገብረ ሚካኤል” ብዬ ተጣራሁ።

ጥግ የተቀመጠው ሰውዬ ቀና አላለም። ማማሰያውን አንሥቼ ክዳኑን ሦስቴ መታሁ። መጣ።