የእህቴ ብርዳም መሬት

ንብ አናቢው አባታችን መሬቱን ሲያካፍለን ታላቋ እኔ ስለነበርኩ ቀድሜ መረጥኩ፤ ለምለሙን ቆላ። ለታናሽ እህቴ ለሚጢጢ ከሁለት ሸንተረር በላይ ያለው ብርዳም ተራራ ደረሳት። «ለንቦችሽ ሹራብ ሥሪላቸው!» ብዬ ሳቅሁባት።

አሁን የመሳቅ ተራዋ ነበር፤ እሷ ግን አትስቅም። ይኸው ነው የሚያንገበግበኝ። እኔ ጋ ሙቀቱ በየዓመቱ እየባሰ አበባው ሳይፈካ ይጠወልጋል፣ ሰሙ ቀፎው ውስጥ ይቀልጣል። ድሮ ሣር የማያበቅለው የእሷ ተራራ አበባ በአበባ ሆኗል። ሬዲዮው በየአገሩ እንዲሁ ነው ይላል፤ ወፉም ዛፉም ቅዝቃዜ ፍለጋ ሽቅብ ይወጣል፣ ባሕር ዳር የሚኖረው ሰው ውኃው እየገፋው ቤቱን ይለቃል። ዓለም ቢቃጠልም የእኔን አንጀት ያሳረረው የእህቴ ማር ነበር።

አንድ ቀፎ ብቻ ሲቀረኝ ሚጢጢ ወደ እኔ ወረደች።

«እትዬ፣ አምጪውና ከእኔዎቹ ጎን እናስቀምጠው።»

«ለማኝ መሰልኩሽ?»

«ኧረ በሞቴ! ንቦቹ ምን አጠፉ?»

እምቢ ብዬ ሸኘኋት። መሸት ሲል ግን የቀፎውን አፍ በእርጥብ ጨርቅ ደፍኜ ተሸከምኩት። እሷ ደጅ ማን ይደርሳል! የመጀመሪያው ሸንተረር ላይ፣ ነፈስ ከሚልበት ዛፍ ሥር አስቀመጥኩት። ቅዝቃዜውን አገኛለሁ፣ ውለታዋ ውስጥ ግን አልገባም አልኩ። ንብ በደንብ ካላራቋት ወደ ለመደችው ቦታ እንደምትመለስ ለሚጢጢ ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ቅናት ልቦናዬን ጋርዶት ነው እንጂ።

በማግስቱ ንቦቼን ቀፎው ድሮ በነበረበት ድንጋይ ላይ ተከምረው አገኘኋቸው። ፀሐዩ ሲበረታ አብዛኞቹ አለቁ።

ሚጢጢ ሰምታ መጣች። «ስደቢኝ» አልኳት። አልሰደበችኝም። ቀፎውን ከሸንተረሩ አውርዳ የተረፉትን በላባ እየጠረገች ወደ ቀፏቸው መለሰችልኝና ተጋግዘን ወደ እሷ ይዘናቸው ወጣን።

ግቢዋ ስደርስ ዓይኔ ማሯን ፈለገ። ከታች በኩል የተደረደሩት ቀፎዎች ጭጭ ብለዋል። አንዱን ከፈትኩት፤ ባዶ ነው።

«እነዚህስ?»

«ዘንድሮ ሙቀቱ እዚህም ደረሰ። ደህና የሆኑት ከላይ ያሉት ብቻ ናቸው።»

«ታዲያ እነዚህንም ከፍ አታደርጊያቸውም ነበር?»

ቀና ብላ ወደ ተራራው ጫፍ አየች። አብሬያት አየሁ። ከመጨረሻው ቀፎ በላይ ራቁት ድንጋይ አለ፣ ከድንጋዩ በላይ ሰማይ ነው። የምቀናበት ነገር ፈልጌ አጣሁ።

«እትዬ፣» አለች ክንዴን ይዛ፣ «አምጪው ያልኩሽ'ኮ ብቻዬን ፈርቼ ነው።»