የሽቅቡ ዜማ

ሙዜ ማቻኖ፣ ማለት ሽማግሌው ማቻኖ፣ ከመንገደኞቹ መርከብ ወገባቸውን ይዘው ወረዱ። ከዛንዚባር ከተማ እስከ ኪቻንጋኒ ወደብ ድረስ ሦስት ሰዓት ሙሉ በዶሮ ቅርጫትና በሩዝ ከረጢት መሃል ተቀምጠው ነው የመጡት። ከተማ ሴት ልጃቸው ዘንድ ከተጠጉ አራት ዓመታቸው ነው። የልጅ ቤት ምንም ቢመች የሰው ቤት ነው፤ እንቅልፉ እንኳ በይሉኝታ ነው የሚተኛው። ዛሬ የመጡት ግን ዘመድ ሊጠይቁ አይደለም። በገዛ እጃቸው የሠሯትን የመጨረሻዋን ጀልባ ሊያስቀብሩ ነው፤ ያውም በዘፈን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድ ልጃቸው ኡሲ ዓሣ ማጥመዱን ትቶ የመዝናኛ ጀልባዎች በሚቆሙበት ማሪና ውስጥ የፈረንጆችን ነጫጭ ጀልባዎች ማጠብ ከጀመረ ወዲህ፣ ጀልባዋ “ሱቢራ” አሸዋ ላይ እንደተጎለተች ፀሐይ ሰነጣጠቃት። ሱቢራ የኡሲ እናት ስም ነው። ነፍሷን ይማረውና፣ እሷ በሞተች ዓመት ነው ማቻኖ ጀልባዋን የሠሩት። አሁን የማሪናው ሆቴል ከአሸዋው ሽቅብ ወደ አትክልት ቦታው አስጎትቶ አበባ ሊተክልባት ፈለገ። ትራክተር አላጣም። ሥራ አስኪያጁ ግን የመንደሩ ሰው እየዘፈነ ሲጎትታት እንግዶቼ ይቅረጹልኝ አለ። የመንደሩ ሰው ደግሞ ጀልባዋን የሠራው ሰው ራሱ መጥቶ ዜማውን ካላወጣለት ትከሻውን አይሰጥም፤ ከአባት የወረደ ሕግ ነው። ስለዚህ ለአራት ዓመት ያላስታወሳቸው ሁሉ ዛሬ ሽማግሌውን ፈለጋቸው።

ኡሲ የማሪናው ስም የተጻፈበትን ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ ጠበቃቸውና እጃቸውን ሳመ።

“ደከመህ አባባ?”

“ድካሙን ተወው። ሰው ተሰብስቧል?”

“ሁሉም አለ። አደራህን አባባ፣ እንዳታሳፍረኝ። ለሥራ አስኪያጁ ቃል ገብቻለሁ።”

ምን ይበሉ? ልጁ እንጀራውን የሚበላው ከዚያ ነው። እሺ ብለው ተከተሉት።

የባሕሩ ዳር እንደድሮው የደረቀ ዓሣ ይሸታል። ሠላሳ የሚሆኑ አጥማጆች ጀልባዋን ከብበው ቆመዋል። ከመካከላቸው የዕድሜ እኩያቸው ሙዜ ቩዋይ ገና ከሩቅ ጀመሯቸው።

“ማቻኖ! የከተማ ሩዝ አያወፍርም እንዴ? ወይስ ልጅህ እያየች ነው የምትጨልፍልህ?”

“አንተስ ጥርስህን የት አደረስከው? ለመንጠቆ ሸጥከው?”

“በስተርጅና አትክልተኛ ልታደርገን መጣህ አሉ።”

ሁሉም ሳቀ፤ ማቻኖም ሳቁ። ከዚያ እጃቸውን የጀልባዋ ሆድ ላይ ሲያሳርፉ ሳቁ ጠፋ። በሁለት ሳንቃ መሃል ትንሿ ጣታቸው ሙሉ በሙሉ ገባች። ያን ስንጥቅ በጥጥና በዘይት የደፈኑት እሳቸው ነበሩ። ተናደዱ፤ ለመናደድ ግን አቅም ያስፈልጋል።

ኪቻንጋኒ ላይ የጀልባ ዜማ ሁለት ነው። ቁልቁል ወደ ባሕር የሚያወርደው ፈጠን ይላል፤ ሽቅብ ወደ የብስ የሚያወጣው እያረፈ፣ እያቃሰተ ይሄዳል። ዜማ አውጪው “ወዲህ፣ ወዲያ” ብሎ አያዝም። ተሸካሚው አንገቱን ደፍቶ ትከሻውን በጀልባዋ ጎን ያስገባል፤ የት እንደሚሄድ የሚነግረው ዜማው ብቻ ነው።

ሰዎቹ ግራና ቀኝ ገቡ። ፈረንጆቹ ስልካቸውን አነሱ። ማቻኖ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ፀሐዩ ከብዷቸዋል፣ ቁርስም አልበሉም፣ ቶሎ ጨርሰው በአሥር ሰዓቱ መርከብ መመለስ ነበር ሐሳባቸው። አፋቸውን ከፈቱ። አምሳ ዓመት ሙሉ አዲስ ጀልባ ሲያወርድ የኖረ አፍ፣ የለመደውን አወጣ። የቁልቁሉን።

ሠላሳ ሰው አልጠየቀም፤ እግሩን አዙሮ ተቀበላቸው። ሱቢራ ከሥሯ በተደረደሩት የዘንባባ ግንዶች ላይ ወደ ባሕሩ ተንሸራተተች። ኡሲ “ኧረ በዚህ አይደለም!” እያለ ቢሮጥም ድምፁን ዜማው ዋጠው። ማቻኖ ዓይናቸውን ሲገልጡ ጀልባዋ ሞልቶ በመጣው ባሕር ላይ ቆማለች። ፈረንጆቹ አጨበጨቡ፤ ለነሱ ሽቅቡም ቁልቁሉም አንድ ነው።

“አባባ፣ ምን ማድረግህ ነው?” ኡሲ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሞ ነበር።

“አፌ ነው ልጄ። አፌ አሳሳተኝ።” እውነታቸውን ነበር።

“እሺ፣ አሁን ሽቅቡን አውጣና እንመልሳት።”

ሠላሳውም ሰው ዞሮ አያቸው። ውሃው በየስንጥቁ እየገባ ነው። ማቻኖ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ጀልባዋ አዩ።

“ጠፋኝ” አሉ።

“እንዴት ይጠፋሃል?”

“ጠፋኝ አልኩህ።”

ሙዜ ቩዋይ ጓደኛቸውን ትክ ብለው አዩና ትከሻቸውን ከጀልባዋ አወጡ። “ካልመጣለት ምን ይሁን? በሉ እንሂድ” አሉ። ሰዉ ተበተነ።

ሥራ አስኪያጁ አልተቆጣም። እንግዶቹ ደስ ብሏቸዋል፤ ነገ በትራክተር እናወጣታለን አለና ሄደ። ትራክተር ዜማ አይጠይቅም።

የአሥር ሰዓቱ መርከብ ጮኸ። ማቻኖ ሽርጣቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ገቡ፣ ጀልባዋ ላይ ወጥተው መቀመጫው ሳንቃ ላይ ተቀመጡ። ውሃው ቁርጭምጭሚታቸውን አልፏል። ኡሲ ተከትሏቸው ወጣ፤ የኮኮነት ቅርፊት አገኘና ሳያስበው ውሃውን መቅዳት ጀመረ።

“ተዋት፣ ትጠጣ” አሉት። “እንጨት ሲጠግብ ስንጥቁን ራሱ ይዘጋል።”

“ነገ እኮ ትወጣለች አባባ።”

“አውቃለሁ።”

መርከቡ ያለ እሳቸው ከወደቡ ወጣ። ኡሲ ቅርፊቱን አስቀምጦ አጠገባቸው ተቀመጠ። “እውነት ጠፍቶህ ነው?” አላቸው።

“እርጅና ነው ልጄ።”

የሽቅቡ ዜማ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ምላሳቸው ላይ ነበር። ጥርሳቸውን ገጥመው ያዙት።