ሠላሳ አንድ ፊርማ

በማተሚያ ቤቱ የጥረዛ ክፍል «ጠበቃዋ» ነው የሚሏት። ሕግ ተምራ አይደለም፤ በደል ስታይ አፏ ስለማያርፍ ነው። የመስኮት መስታወት ሲሰበር፣ ማራገቢያው ሲቆም፣ የፈረቃ መሪው ሲሳደብ፣ ማመልከቻ የምትጽፈው እሷ ናት። ደብተር እየሰፋች በልቧ ነገር ትቀምራለች፤ ለምሳ ሲወጣ ወረቀት ላይ ታሰፍረዋለች። የጻፈችው መሬት ወድቆ አያውቅም።

ባለፈው ወር የጻፈችው ግን ከሁሉም የከረረ ነበር። የሴቶች መጸዳጃ ቤት በሽታ እያስያዘን ነውና የጽዳት ሠራተኛዋ ይነሱልን ይላል። ከሥሩ ሠላሳ አንድ ፊርማ አለ። አንዱ የራሷ ነው፤ ሠላሳውን ከማሽን ማሽን እየዞረች የለቀመችው እሷው ናት።

የጽዳት ሠራተኛዋን ሁሉም እትዬ ባልዲ ይላቸዋል። አንድ እግራቸውን ትንሽ ይጎትታሉ። ሰማያዊ ባልዲያቸውን አንጠልጥለው ይመጡና «እግራችሁን አንሱ» ይላሉ፤ አለቃውም ሳይቀር እግሩን ያነሳል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከዚህ ብዙም ያለፈ ነገር ሲናገሩ የሰማቸው የለም። ስለ ፊርማው ከሰሙ ቀን ጀምሮ ግን፣ መጸዳጃ ቤቱን በቀን ሁለቴ ያጥቡ የነበሩት፣ አራቴ ማጠብ ጀመሩ።

ነገሩ የተነሳው ከሦስት ወር በፊት ነው። መጀመሪያ አሳከካት። ቀጥሎ ሽንቷን ስትሸና ያቃጥላት ጀመር። ከዚያ አረፋ ያለው፣ ወደ ቢጫና አረንጓዴ የሚያደላ፣ ሽታው ራሷን የሚያሸማቅቃት ፈሳሽ መጣ። በቀን ሦስቴ የውስጥ ልብስ ትቀይራለች። ሥራ ላይ ስትቀመጥ፣ አጠገቤ ላለችው ይሸታት ይሆን እያለች ትሳቀቃለች። ለፈረቃ መሪ ያልተደፋ አንገቷ ለዚህ ተደፋ።

ለባሏ የነገረችው ሁለት ሳምንት ስታምጥ ከርማ ነው። ባሏ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነው፤ በቤቱም በጎረቤቱም የበሽታ ነገር ሲነሳ ሁሉም ወደ እሱ ያያል። የተማሪ ፈተና እያረመ ነበር። ቀይ እስክሪብቶውን ሳያስቀምጥ፣ ቀናም ሳይል መለሰላት።

«የመሥሪያ ቤታችሁ ሽንት ቤት ነዋ! ሠላሳ ሴት ተራ በተራ የሚቀመጥበት። ሌላ ከየት ይመጣል?»

አመነችው። የተማረ ሰው፣ የገዛ ባሏ፣ ለምን አታምነው? ሐኪም ቤት ልሂድ ስትል «ለዚህች ለዚህች ምን ያመላልስሻል?» ብሎ የፈንገስ ቅባት ገዛላት። ቅባቱ ሲያልቅ ሌላ ገዛላት። ማመልከቻውንም አብሯት አረመው። «ተላላፊ በሽታ» የሚለውን የጨመረው እሱ ነው፤ «ይቺ ታስደነግጣቸዋለች» ብሎ።

ከጎኗ የምትሰፋው ቀጭኗ ብዕሩን ስትቀበላት «እኔ እንኳ ከመቀመጫው ላይ ተንሳፍፌ ነው የምጠቀመው፤ ለአንቺ ስል ግን ልፈርም» ብላ ክፍሉን አሳቀችው። ከፈረመች በኋላ ግን ጠጋ ብላ «እኔንም አንዳንዴ ያሳክከኛል» አለቻት።

አስተዳዳሪው ወረቀቱን አገላብጦ አየው። «ሐሙስ ስብሰባ እጠራለሁ። ሰው ከሥራ ለማንሳት ግን ወሬ አይበቃኝም። የሐኪም ማስረጃ አምጪ።»

«ማህተም አስመትቼ አመጣልዎታለሁ» አለችው።

እናም ረቡዕ ጠዋት ፈቃድ ጠይቃ ክሊኒክ ሄደች። ለመታከም አይደለም፤ ለክርክር ማስረጃ ፍለጋ ነው።

ሲስተሯ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ «ምን ልርዳሽ እህቴ?» አለቻት።

«ከሽንት ቤት በሽታ እንደያዘኝ ወረቀት ይጻፍልኝ።»

«በሽታውን ሳናየው?»

«እሱን እናንተ እዩት። ምንጩን እኔ አውቀዋለሁ።»

«እንግዲያው ሥራዬን አቃለልሽልኝ!» ሳቀች ሲስተሯ። «በይ አልጋው ላይ ውጪ።»

ናሙናውን በጥጥ ወስዳ ራሷ ወደ ላቦራቶሪ ሮጠች። ከዘገየ ተሕዋሱ መንቀሳቀሱን ያቆማል፣ ያን ጊዜ ለመለየት ያስቸግራል ብላ። ብዙም ሳይቆይ የላቦራቶሪው ሽማግሌ በበሩ ብቅ ብሎ ጠራት።

«ነይ፣ ጠላትሽን ተዋወቂው።»

በማይክሮስኮፑ አየች። ከተረጨው ነጠብጣብ መሐል የእንቁላል ቅርጽ ያለው ነገር እየተንፈራገጠ ይሽከረከራል። ከፊቱ ቀጫጭን ጭራዎች ይወራጫሉ። ይህን ፍጡር ታውቀዋለች። ባለፈው ዓመት ባሏ ለክፍሉ ግድግዳ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡራንን በትልቅ ካርቶን ላይ ሲስል፣ ጭራዎቹን በቀይ ያቀለመችለት እሷ ናት። «አራቱ ከፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ ታጥፎ በጎኑ» እያለ በጣቱ አሳይቷታል።

«ትሪኮሞናስ ይባላል» አለች ሲስተሯ ወደ ክፍሏ መልሳ ካስቀመጠቻት በኋላ። «ጥገኛ ተሕዋስ ነው። በጣም ብዙ ሴት ይይዛል፣ በደንብም ይድናል። የሚተላለፈው ግን በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው።»

«ከሽንት ቤት መቀመጫስ?»

«ከመቀመጫ አይይዝም።»

ክርክር የለመደ አእምሮዋ መውጫ ፈለገ። ለራሷ ሳይሆን ለባሏ።

«ድሮ የነበረብኝ ቢሆንስ? ሳያሳይ የቆየ?»

«ሊሆን ይችላል። ምልክት ሳያሳይ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት የሚቆይበት ሰው አለ። ወንዶች ላይማ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይታይም። መቼ እንደያዘሽ ቀኑን ልነግርሽ አልችልም። ከመጸዳጃ ቤት እንዳልመጣ ግን ቆርጬ እነግርሻለሁ።»

ለሌሎች የአባላዘር በሽታዎችም ደም ተወሰደላት። ሜትሮኒዳዞል የሚባል ክኒን ታዘዘላት፤ ጠዋትና ማታ፣ ለሰባት ቀን።

«ቀለል ሲልሽ እንዳታቋርጪ። መጠጥ አትቅመሺ። ውስጥሽን በሳሙናም በምንም አትጠቢው። ያ ቅባት ለዚህ በሽታ ምንም አይሠራም፣ ጣይው። ባልሽ በአንድ ጊዜ ካልታከመ ግን መልሶ ይሰጥሻል። ሁለታችሁም ጨርሳችሁ ሕመሙ እስኪጠፋ እንዳትገናኙ። ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ መጥተሽ ተመርመሪ።» ለባሏም የመጥሪያ ወረቀት ጽፋ ሰጠቻት።

«ድሮ የነበረ ሊሆን ይችላል» የምትለዋን ቃል እንደ ዕቃ ታቅፋ ቤቷ ገባች።

ባሏ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ጫማውን እያወለቀ ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

«አንተም መታከም አለብህ ተብሏል» አለችው ድምፅዋን አለስልሳ። «ምናልባት ከድሮ የቆየ ሊሆን ይችላል ብላለች ሲስተሯ።»

የማምለጫውን በር ገርበብ አድርጋ የከፈተችለት እሷ ናት። ቢገባበት ኖሮ ታምነው ነበር። እሱ ግን ወረቀቱን እንኳ ሳያነብ፣

«እኔ ጨርሻለሁ» አላት።

«ምኑን?»

ያወለቀውን ጫማ ከወንበሩ ሥር ገፋ።

«ምኑን ነው የጨረስከው?»

«ክኒኑን… ትንሽ አቃጥሎኝ ስለነበር፣ ለጥንቃቄ ብዬ…»

«መቼ?»

«አሁን ይሄ ምን ይፈይዳል?»

«አንተ ሰውዬ፣ መቼ?»

«ፈተና ሰሞን።»

ፈተና ሰሞን። ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ቀና ያላለ ጊዜ።

ሌላ ሴት መኖሯን ጠየቀችው፤ አልካደም። «ለሥልጠና የሄድን ጊዜ ነው፣ አንዴ ብቻ» አለ። አንዴ ይሁን መቶ ጊዜ፣ መቁጠር አላሰኛትም። አንጀቷን ያሳረራት ሌላ ነው። ይህ ሰው በሽታውን በስሙ ያውቀዋል። ጭራውን ቆጥሮ የሰው ልጅ ያስተምራል። መድኃኒቱን ገዝቶ ለራሱ ውጧል። ለሚስቱ ደግሞ የማይሆን ቅባት እየገዛ ሦስት ወር ስትቃጠል ቁጭ ብሎ አይቷታል! እውቀት ማለት ለዚህ ነበር? ያም አልበቃው ብሎ ብዕሯን ወስዶ፣ የእሱን ጥፋት አንዲት እግራቸውን የሚጎትቱ ሴት ትከሻ ላይ አስጫናት።

«ነገ ስብሰባው ላይ…» ብሎ ጀመረ።

«እ?»

«ምንም አትናገሪ። ወረቀቱ ጠፋብኝ በያቸው። ፊርማው የራሱን ሥራ ይሥራ። ሴትዮዋ እንደሆነ ጡረታቸው ደርሷል፣ ዛሬም ወጡ ነገ ያው ነው። የተማሪ ወላጆች አሉ፣ ሰው ምን ይለናል?»

«ያው ነው?»

«ለአንቺው ብዬ እኮ ነው! ስምሽ ነው የሚነሳው።»

«ስሜን ለእኔ ተውልኝ» አለችው። ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ ዝቅ ሲል ነው የሚያስፈራው። «ነገ ጠዋት ይህን ወረቀት ይዘህ ትሄዳለህ። ይቅር ስላልኩህ አይደለም። ለዚያችም ሴት ንገራት፤ እሷም ሽንት ቤት እየረገመች ይሆናል። ልብስህን ደግሞ ሰብስብና ወንድምህ ዘንድ ሂድ።»

ሐሙስ ከምሳ በኋላ፣ በተከመሩ ደብተሮች መሐል ስብሰባው ተጀመረ። እትዬ ባልዲ ባልዲያቸውን ይዘው በሩ ሥር ቆመዋል፤ ተቀመጡ ያላቸው የለም። አስተዳዳሪው ፋይሉን ገለጠ።

«ማስረጃውን አመጣሽ?»

ተነሳች። ክኒኑ አፏ ውስጥ የተወው ብረት ብረት የሚል ጣዕም አለ። ሠላሳው ሴት ያያታል። ከመቁረጫ ክፍል የመጡት ወንዶች ግድግዳውን ተደግፈዋል።

«አምጥቻለሁ። ማስረጃው ግን የሚመሰክረው በእኔ ላይ ነው» አለች። «የያዘኝ በሽታ ትሪኮሞናስ ይባላል። ከሽንት ቤት አይይዝም። በግብረ ሥጋ ነው የሚይዘው። እኔን የያዘኝ ከቤቴ ነው። ሳላጣራ ጽፌ፣ ሳታጣሩ አስፈረምኳችሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ከግድግዳው በኩል አንዱ ሳቁን አፈነ።

ዞረች። «አንተ ምን ያስቅሃል? ወንድ ላይ ምልክት ላያሳይ ይችላል ነው ያሉኝ። አስቀድመህ ተመርመር፣ ከዚያ ትስቃለህ!»

አሁን የሳቁት ሴቶቹ ናቸው። አስተዳዳሪው ጉሮሮውን ጠረገ። «የቀሩት ሠላሳ ፊርማዎችስ?»

«የእኔን ሰርዙት» አለች ቀጭኗ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ። ከኋላ ሌላዋ «የእኔንም» አለች። ከዚያ ማን ምን እንዳለ መለየት አልተቻለም። አስተዳዳሪው ማመልከቻውን ለሁለት ቀዶ ፋይሉን ዘጋ።

ወደ በሩ ሄደች። «እትዬ፣ በድዬዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

እትዬ ባልዲ ባልዲያቸውን መሬት አስቀመጡ።

«አሥራ አራት ዓመት አጠብኩት» አሉ። «አንድ ቀን መጥተሽ፣ ‹እትዬ፣ ነገሩ እንዴት ነው?› ብትይኝ ምን ነበረበት?»

ከዚያ ይቅር ብዬሻለሁ ሳይሉ ባልዲያቸውን አንስተው ሄዱ።

ሥራ እንደገና ሲጀመር ቀጭኗ ክር እንደጨረሰች ሰው ጠጋ አለች። «ክሊኒኩ የት ነው ያልሽኝ?» ጠበቃዋ በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፈችላት፤ ከሥሩም «እሱንም ይዘሽ ሂጂ» ብላ ጨመረችበት። ፈረቃው ሳያልቅ አራት ቁራጭ ጻፈች። አራቱም ፈርመው የነበሩ ናቸው።

የመጨረሻውን ስትጽፍ የእርጥብ መወልወያ ድምፅ ወደ ጠረጴዛዋ ቀረበ።

«እግርሽን አንሺ» አሉ እትዬ ባልዲ፣ ለማንም እንደሚሉት።

አነሳች።